ምክንያት ቁጥር ሦስት

ዕቃ ሲሄድ መንገዱ ላይ ብዙ ነው አጃቢው፤
ማስታወቂያ ይቀድመዋል፣ ቅናሽ ይከተለዋል፣ ፈገግ ይላል አስረካቢው።
ሲመለስ ግን ብቻውን ነው፤ ደህና ግባ የሚለው የለም፤
ካርቶኑ የሌላ፣ ፕላስተሩ ጠማማ፣
ኦደር ወንዝን ሲሻገር ጨለማ ነው ዓለም።

እኛ በዩኒቨርሲቲ «ተገላቢጦሽ ሰንሰለት» እንለዋለን፤
አህያ ወደ ሊጥ፣ ውሻ ወደ ግጦሽ፣ ሸሚዝ ወደ መደርደሪያ፣
ሁለት መቶ ገጽ እንጽፍበታለን።

ከተማዋ ዜሎና ጉራ ትባላለች፤ ጉራ ግን አታውቅም፤
ከዳርቻዋ መስኮት አልባ አዳራሽ አለ፣ መብራቱ የማይጠልቅም።
የፈሰሰ አይታፈስም ያለ ሰው እዚህ አልሠራም፤
በሦስት ፈረቃ ይታፈሳል፣ ማፈሱ ሌሊትም አያባራም።

ጠረጴዛ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ሃልሽካ ናት፤
ዓመቷ ሃምሳ ስድስት፣ አውራ ጣቷን ሁሌ ካርቶን የሚቆርጣት።
እኔ ከኋላዋ፣ ሰዓት በቀኝ፣ ሰሌዳ በግራ፤
ትከፍታለች፣ ታሸታለች፣ ትገለብጣለች፤
እሷ ሥራ፣ እኔ ቆጠራ።

አንደኛ ደረጃ፣ ያልተነካ፤ ይታጠፍ፣ ይመለስ።
ሁለተኛ፣ ቁልፍ የጎደለው፤ ይጠገን፣ ይተኮስ።
ሦስተኛ በኪሎ ይሸጣል፣ ገዢው ሳያየው ታስሮ፤
አራተኛ ወደ መፍጫው፤
ሴቶቹ «አማቴ» ይሉታል፣ የማትጠግብ ጎሮሮ።

ከየዕቃው ጋር ወረቀት አለ፤ መላሹ ምክንያት ይመርጣል፦
አንድ፣ ዘገየ። ሁለት፣ ሰፋኝ። ሦስት፣ ጠበበኝ።
አራት፣ ቀለሙ ከሥዕሉ ይለያል።
ሰባተኛው «ሌላ» ይላል፤ እኛ አጥኚዎች የምንጠላው፣
የማይቆጠር ነገር ሁሉ የሚያርፍበት ጥላው።

«ታምኛቸዋለሽ?» አልኳት።
«ወረቀት ምን ያፍራል!» ብላ ሳቀች።
«ኪስ እይ፤ ኪስ አይዋሽም።»

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሃኖቨር የተላከ፣
ጥቁር ሙሉ ልብስ መጣ፣ ሳጥኑን ዝናብ የነካ።
ምክንያት ቁጥር ሦስት።
ኪሱን ዳበሰች፤ ወረቀት አወጣች፣ አራት ቦታ የታጠፈ፤
የመዝሙር ቁጥሮች፣ የመቃብር ስፍራ፣
«ኤልፍሪደ ቮልታርስ» የሚል ስም፣ ከመስቀል ሥር የተጻፈ።
የሱሪው ጉልበት አፈር ይዟል፤ ትንሽ፣ የደረቀ፣
አንድ ሰው እዚያ ተንበርክኮ፣ መነሣት እንደ ናቀ።

እኔ ስሙን አውቀዋለሁ፤ በሠንጠረዤ «ለብሶ መላሽ» ይባላል፤
የማጭበርበር ዓምድ አለው፤ ደንቡም «አራተኛ» ይላል።
ደንቡን አሳየኋት።
በመነጽሯ አናት አሻግራ አየችኝ።

«መች ዋሸ፣ ቪብከ? ጠበበኝ ነው ያለው፤
በዚያ ቀን የትኛው ልብስ ነው የማይጠበው?»

ከመሳቢያዋ ብሩሽ አወጣች፣ የቤቷን፣ ጠጉሩ የሳሳ፤
ጉልበቱን ጠረገችለት፣ ልጅ እንደምታለብስ፣ ሳትቸኩል፣ ጎንበስ ብላ ሳትነሣ።
ወረቀቱን አልጣለችም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤
ልብሱን እጅጌ በእጅጌ አጥፋ፣ «አንደኛ» ብላ መታችው።

ሰዓቴ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሁለት ይላል።
የሌላው ሁሉ አማካይ አርባ ሰባት ሴኮንድ ነው።

ፕሮፌሰሬ ሠንጠረዡን አየ። «ይህች ነጥብ አፈንጋጭ ናት፤
አማካዩን ታበላሻለች፤ ሠራተኛዋ ምናልባት
እንቅልፍ ይዟት ይሆናል። ሰርዣት።»

እሺ አልኩ።
ኮምፒውተሩ ከመሰረዙ በፊት ምክንያት ጠየቀኝ፤
ከዝርዝሩ ሰባተኛውን መረጥኩ።
ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ፣ ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«አንድ ምልከታ ተቀንሷል» ይላል፤
ሌላ ምንም አይል።

ልብሱ ግን ሄዷል፤ በአዲስ ካርቶን፣ በቀና ፕላስተር፣
ማስታወቂያ እንደገና እየቀደመው።
የሆነ ቦታ፣ ሉብሊን ይሁን ግራዝ እንጃ፣
አንድ ሙሽራ መስታወት ፊት ይዞራል፤
እናቱ «ልክህ ነው» ትለዋለች፤
ከሱሪው ጫፍ እጥፋት፣ ብሩሹ ካልደረሰበት፣
የአፈር ቅንጣት ምንጣፉ ላይ ጠብ ትላለች።